የኢምራን ሜትር

ደሴ ከዓይነ ስውርነት ነጻ የወጣችበት ስምንተኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ጋሽ ዳግም ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ወደቀ።

በመጀመሪያው ቀን መንገደኞች ጎትተው አወጡትና ልብሱን አራግፈውለት ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ግን ደንብ አስከባሪ መጣ። መነጽሩን አስወልቆ የቀረጸውን ምስል ወደ ኋላ መልሶ አየና፣ «አባት፣ እዚህ ቦታ ላይ እኮ ቦይ የለም» አለው። ጋሽ ዳግም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ነበር።

«ታዲያ የቆምኩት ምን ውስጥ ነው?»

ደንብ አስከባሪው ይህን ለመመለስ ሥልጣን አልነበረውም። መነጽሩን መለሰለትና አስጠነቀቀው፤ በሌለ ቦይ ውስጥ መውደቅ የከተማዋን ስም ማጥፋት ነው፣ ሦስተኛ ቢደገም ያስቀጣል።

መነጽር ሁሉም ሰው ያደርጋል። ከተማዋ ግድግዳ መቀባት ካቆመች ቆይታለች፤ ቀለሙን መነጽሩ ይቀባዋል። የሱቁ ስም፣ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ የዳቦው ዋጋ፣ ሁሉም የሚነበበው በመነጽር ነው። መነጽር ያላደረገ ሰው ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ቢገተር በሩ አይከፈትለትም። ነጻነቷ የታወጀ ዕለት ደግሞ በከተማዋ የነበሩ ነጫጭ ዱላዎች በሙሉ ተሰብስበው ፒያሳ ላይ ሐውልት ተሠራባቸው። ሐውልቱ ያምራል ይባላል። የዱላዎቹ ባለቤቶች በምረቃው ቀን የፊት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ አዲሱን መነጽራቸውን ሰክተው፣ ሐውልቱ በየት በኩል እንደሆነ በጆሯቸው እየፈለጉ አጨብጭበዋል። ከዚያ ወዲህ ነጭ ዱላ ይዞ መታየት ክልክል ነው።

የጋሽ ዳግም ዓይን መድከም የጀመረው ከዳር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ በእንቅልፍ ልቡ ይነዳዋል። አንድ ቀን ከጎን የመጣች ፍየል ድንገት መኪናው አፍንጫ ላይ ተገኘች። ፍየሏ ተረፈች፤ እሱ ግን በዚያው ቁልፉን አስረከበ። ሐኪሙ ነገሩን አላሽሞነሞነለትም። የሚያይበት ቀዳዳ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል፣ መድኃኒት የለውም አለው። አሁን ዓለምን የሚያያት በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው።

ከሐኪሙ ቀጥሎ የእይታ ጽሕፈት ቤት መጣ። ጽሕፈት ቤቱ ዓይን አያክምም፤ ይሞላል። ዓይን ያጣውን ዳር መነጽሩ ይስልለታል። የሚስለው ግን እዚያ ያለውን አይደለም፤ እዚያ ሊኖር የሚገባውን ነው። ሥራው ሙሌት ይባላል። የአንደኛው ሙሌት መጠናቀቅ በኬክ ተከበረ፤ በሁለተኛው ደግሞ ጋሽ ዳግም አንገት ላይ ሜዳሊያ ተንጠለጠለ። ውጤቱ እንደሆነ አይካድም። በቀኝም በግራም ክዳን የገጠሙ ቦዮች፣ ክረምት ከበጋ ያበቡ ዛፎች፣ ፈገግ ያሉ መንገደኞች። ዓይኑ በከፋ ቁጥር ከተማዋ አማረችለት። መነጽሩ ሰውንም ከራሱ አውጥቶ እንደሚስል ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ጠዋት ጠዋት ዳቦ ለመግዛት ከቤቱ ቁልቁል ደረጃውን ይወርዳል። ደረጃው የደሴ ደረጃ ነው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ያቺን የቀረችውን ቀዳዳ ከእግሩ ላይ አይነቅላትም። ደረጃው መሐል ላይ፣ በስተቀኝ፣ የኢምራን በረንዳ አለ።

ኢምራን ልብስ ሰፊ ነው፤ አፈር ፈጭተው፣ ውሃ ተራጭተው አብረው ያደጉ ጓደኛው። ልብስ የሚያሰፋ ሰው በጠፋበት ዘመን እሱ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይውላል። ከንፈሩ መሐል ሁልጊዜ ስፒል ስለሚይዝ ሰላምታ የሚመልሰው ራሱን በመነቅነቅ ነው። ጋሽ ዳግም እሱ ዘንድ የሚያሰፋው ኮት አለው።

«እንዴት አደርክ ኢሙ?»

ነቅነቅ።

«ኮቴ አለቀ ወይ?»

ነቅነቅ።

«ውሸታም!»

ድሮ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወጋ ይረፍድበት ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የስፒሉን ጣሳ በእግሩ ደፋው። ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ግማሹን አላየውም፤ ኢምራን የቀረውን ዝም ብሎ ለቀመ። ጋሽ ዳግም አፈረ። ሜዳሊያ ተሸልሞ ለከተማው ሁሉ የሚያይ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንድ የልብ ጓደኛው ፊት ዕውር መሆን ሞት መሰለው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን ከደረጃው ላይ ወርወር አድርጎ ያልፋል፤ ዞሮ አያይም፣ አይቀመጥምም።

በዚህ ዓይነት ኢምራን ከሞተም በኋላ ሲነቀንቅለት ሰነበተ።

ኢምራን የሞተው ሐሙስ ቀን መኪናው ላይ እንደተደፋ ነው። ድሮ ቢሆን የእድሩ ጡሩምባ ሰፈሩን ይቀሰቅሰው ነበር። አሁን መርዶ የሚመጣው በመነጽር ግርጌ በምታልፍ ጥቁር ጽሑፍ ነው። የጋሽ ዳግም ግርጌ ደግሞ ከጨለመ ቆይቷል፤ ሙሌቱ መርዶው ላይ ንጹሕ የእግረኛ መንገድ ሣለበት። በየሰፈሩ ድንኳን ጥሎ መጮህም ስለተከለከለ ልቅሶ የሚለቀሰው ከከተማ ዳር በተሠራው አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ድምፅ አያስወጣም፤ ለዚህም ተሸልሟል።

በቀብሩ ማግስት ጋሽ ዳግም እንደ ልማዱ ደረጃውን ሲወርድ ለባዶው ወንበር፣ «ውሸታም!» ብሎ ስቆ አለፈ። ከልቅሶ የሚመለሱ ሴቶች ሰሙት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ዘጋው። ባለ ዳቦ ቤቷ ዳቦውን ጣል ታደርግለትና ፊቷን ታዞራለች። ጎረቤቱ ሰላም ሲለው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ነገሩ ቢገርመውም አላስጨነቀውም፤ ዘግተውት የሚያልፉት ሰዎች ከቀዳዳዋ ወጣ ሲሉ መነጽሩ ፈገግ ያደርጋቸዋል። የከነከነው ሌላ ነው። የኢምራን መኪና ድምፅ ጠፍቷል። «ይሄ ሰውዬ ኮቴን ሳይጨርስ ሥራ ፈታ» ብሎ ተናደደ።

የእድሩ ስብሰባ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነበር። ጋሽ ዳግም ገብቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበሩት ተነሡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቢኒያም ጠበቃ የነበረ ሰው ነው፤ ዝግ ብሎ መናገር ይወዳል።

«ጋሽ ዳግም፣ በምን ዓይንህ መጣህ?»

«ምን አደረግኩ?»

«የኢምራንን ቀብር ያልወጣ ማን ነው? አዳራሹን ያልረገጠ ማን ነው? ሚስቱን ኢክራምን አብሽሪ ብሎ ያላጽናናት ከሰፈሩ ሰው ማን ነው?»

ጋሽ ዳግም የሚቀልዱበት መሰለው። «የኢምራንን ቀብር? ኧረ ተዉ! ኢምራንን ዛሬ ጠዋት ሰላም ብዬው ነው የመጣሁት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ፣ «በሟች ያላግጣል እንዴ!» ብሎ ተነሣበት። ጋሽ ዳግም ተቆጣ፤ ሹፌር እያለ በቁጣ የሚታማ ሰው ነበር። «ኑ!» አለ። «ተነሡ፣ ኑ፣ ላሳያችሁ!»

እድሩ ግልብጥ ብሎ ተከተለው። ደረጃውን ወጡ። በረንዳው ጋ ሲደርስ ጋሽ ዳግም እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ ደረጃው እንዳደረገ ግራ እጁን ዘረጋ። ኢምራን ወንበሩ ላይ ነበር፤ ስፒሉን ነክሶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ይኸው! እንዴት ዋልክ ኢሙ?»

ኢምራን ነቀነቀ።

«አያችሁ?» አለና ሊያፍሩ ነው ብሎ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ በረንዳው አዞረ። ቀዳዳዋ ወንበሩ ላይ አረፈች። ወንበሩ ባዶ ነበር። መኪናው ላስቲክ ለብሷል፤ ላስቲኩ ላይ አቧራ አለ። ጋሽ ዳግም ፊቱን ወደ ደረጃው መለሰ፤ ኢምራን መጣ። አዞረ፤ ኢምራን ሄደ። መለሰ፤ መጣ። እድርተኞቹ የሚያዩት አንድ ሽማግሌ ለባዶ ወንበር ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲወዘውዝ ነው። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ዳግም ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልቡ ተሰብሮ ነበር። ኢምራን መሞቱ ብቻ አይደለም ያንገበገበው፤ ሳይቀብረው፣ እየሰደበው ሰንብቷል።

አቶ ቢኒያም አዘነ፤ ዳኛ ነውና ግን መፍረድ ነበረበት። «እድሩ ዕውር አይቀጣም» አለ። «አላየህ ከሆነ ነጻ ነህ። እያየህ ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሞትህን አናውቅም። ማየት አለማየትህን ከጽሕፈት ቤቱ አስመስክረህ ና። የኢምራን አርባ እስኪደርስ እንጠብቅሃለን።»

በደሴ ከሞት የሚከፋው ቀባሪ ማጣት ነው። ጋሽ ዳግም በነጋታው የእይታ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ነበር።

ወይዘሪት ሄመን የምትባል ትሑት ሠራተኛ ተቀበለችው፤ ወንበር ሳበችለት።

«ዕውር መሆኔን መስክሩልኝ፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ በከተማችን ዓይነ ስውር የለም።»

«እኔ አለኋ!»

«እርስዎማ ሁለተኛውን ሙሌት በስኬት ያጠናቀቁ ነዎት። በእኛ ምዘና የእርስዎ እይታ ከእኔም ይበልጣል።»

«አንቺ የሞተ ሰው ይታይሻል?»

«ኧረ አይታየኝም።»

«እኔ ይታየኛል!»

«አዩ?» አለች ከልቧ ደስ ብሏት። «ይበልጣል አልኩዎት እኮ።»

ጋሽ ዳግም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ያውቀዋል፤ ይህች ልጅ ግን ሞኝ አልነበረችም፣ ወረቀትም በከተማው ቀርቷል። ፊት ማዞሩን ቅር መሰኘት አድርጋ ስለወሰደችው ልታጽናናው ሞከረች። «ቅሬታዎ ሟቹ መልስ ስለማይሰጡ ከሆነ፣ በሦስተኛው ሙሌት ድምፅ ይጨመራል። ሰላም ሲሏቸው አፍ አውጥተው ይመልሱልዎታል። ቁጭ ብለው ያወጓቸዋል።»

እዚህ ላይ ልቡ ከዳው። የኢምራንን ድምፅ ለመስማት ብሎ እሺ ሊል ምንም አልቀረው። አሰበና፣ «ስፒል ነክሶ እንዴት ያወራል?» አለ።

«ስፒሉን እናነሳዋለን።»

ጋሽ ዳግም ብድግ አለ። «ተይው፣ የኔ ልጅ። ስፒል ያልነከሰ ኢምራን ይዤ ምን ላደርገው ነው?» አለና፣ በሩን ስቶ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ወጣ።

በኢምራን አርባ ሰደቃ ቀን ጋሽ ዳግም መነጽሩን አወለቀና ኪሱ ከተተው። ከግቢው አንድ ደህና ድንጋይ መርጦ ትከሻው ላይ አደረገ። በአባቶቹ ጊዜ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር ተብሏል፣ ካላወረደለት እንደተሸከመ ይመለሳል። ጽሕፈት ቤቱ ባይመሰክርለትም ኢክራም ትፈርድ ብሎ ወጣ።

ከተማዋን ባዶ ዓይኑን ሲያያት ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። በዚያች ቀዳዳ የታየችው ደሴ ልስኗ የረገፈ፣ ቦይዋ ያፈጠጠ፣ ዛፍ የሚባል የሌላት ከተማ ናት። አስቀያሚ ነበረች። ግን እውነተኛ ስለሆነች ደስ አለው። በአንድ እጁ ድንጋዩን፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ደረጃውን በእግሩ ጣቶች እየዳሰሰ ወረደ።

የኢክራም ግቢ በሰው ሞልቷል። ጋሽ ዳግም ገባ። ቀዳዳዋን ወዲያና ወዲህ እያንከራተተ ኢክራምን ፈለገ፤ ከግቢው ጥግ ጥቁር ለብሳ፣ ጉብ ብላ አገኛት። ሄዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«ኢክራም» አለ። «በድያለሁ። ኢሙን አልቀበርኩትም። አንቺንም አብሽሪ አላልኩሽም። ዓይኔ ጠፍቷል። ከሁላችሁ ደብቄ፣ ከእሱም ደብቄ፣ የማይ መስዬ ስኖር ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ብትፈልጊ ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ልመለስ። አንቺ ግን አንድ ነገር በይኝ።»

ኢክራም ምንም አላለችም። ጋሽ ዳግም ግንባሩን መሬት አስነካ። «ዝም አትበይኝ እንጂ፣ እህቴ።»

«ጋሽ ዳግም» አለች ኢክራም፣ ከጀርባው። «እኔ እዚህ ነኝ። እሱ የውሃ በርሜል ነው።»

በርሜሉ ላይ ዝንብ እንዳይገባበት ጥቁር ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ነበር። መጀመሪያ ፍርፍር ብላ የሳቀችው ራሷ ኢክራም ናት፤ ኢምራን ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ በርሜሉን ይዞ የተንበረከከው ጋሽ ዳግምም ሳቀ። አቶ ቢኒያም እንባውን እየጠረገ፣ «እድሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈልግም» አለ። ኢክራም ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞርባት ቀርባ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻው አወረደችለት።

እንግዳው በላልቶ ሲበተን በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። ቤት ገብታ ኮቱን ይዛ ወጣች።

«አለቀ እንዴ?»

«ካለቀ ስንት ጊዜው! ቀኝ እጅጌው ውስጥ ዳሰስ አድርግ።»

ጣቱ ከገበሩ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋች ቋጠሮ አገኘች።

«ግራና ቀኙን በእጅህ እንድታውቀው ብሎ ነው» አለችው። «ስፒሉን የደፋህ ቀን ማታ ነው ነገሩ የገባው። ‹የዳግም ዓይን እየሄደ ነው፤ ራሱ እስኪነግረኝ ድረስ እንዳትነግሪው› ብሎኝ ነበር። ጣሳውንም ከመንገድህ ያነሳው ያኔ ነው። ትቀመጣለህ ብሎ ቢጠብቅህ፣ ቢጠብቅህ፣ አንተ ከደረጃ ላይ ጮኸህ ብቻ ታልፋለህ።»

«መች አለቀ አለኝ? በየቀኑ እጠይቀው አልነበር?»

«አለቀ ወይ ስትለው አይነቀንቅልህም ነበር?»

ጋሽ ዳግም ኮቱን ደረቱ ላይ አቀፈ። ውሸታም እያለ ያለፋቸው ጠዋቶች አንድ በአንድ መጡበት፤ አልሄዱለትምም።

ሲሸኝ ኢክራም የኢምራንን የእንጨት ሜትር ከግድግዳው አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት። ጨርቅ ሲለካበት የኖረ፣ ቁጥሩ ከመዳሰስ ብዛት የለሰለሰ ሜትር ነው። «ይዘኸው ሂድ» አለችው። «ደረጃው መጥፎ ነው።»

በነጋታው ደንብ አስከባሪው አስቆመው።

«አባት፣ ዱላ መያዝ ክልክል መሆኑን አያውቁም?»

«ሜትር ነው። ቁጥሩ አይታይህም?»

«ምን ሊለኩበት?»

«ቦዩን። የለም ካላችሁ ወዲህ ምን ያህል እንደጠለቀ ልወቅ ብዬ።»

ደንቡ ስለ ሜትር የሚለው ነገር አልነበረውም፤ ደንብ አስከባሪው አሳለፈው። ወሬው ግን ተሰማ። በሳምንቱ ሸዋ በር ላይ አንዲት አሮጊት ሜትር ይዘው ታዩ። ቀጥሎ ከአራዳ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከዚያ ከየጓዳው፣ ከየጥጉ፣ በመነጽር ተሞልተው ተሸልመው የተቀመጡ ሰዎች ሜትር እየያዙ ብቅ ብቅ አሉ።

ስምንተኛው ዓመት ፒያሳ ላይ፣ ከሐውልቱ ሥር ተከበረ። ተናጋሪው በከተማዋ አንድም ዓይነ ስውር እንደሌለ በድጋሚ መረጋገጡን ከጭብጨባ ጋር አበሰረ። አያይዞም በዚህ ዓመት የልብስ ሰፊዎች ቁጥር ከተጠበቀው በላይ ማደጉን፣ ይህም የሕዝቡ ኑሮ መሻሻል ምልክት መሆኑን ገለጸ። ልብስ ሰፊዎቹ የፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ነበር፤ እንዲነሡና እንዲታዩ ተጠየቁ። ሜትሮቻቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ተናጋሪው ስሜቱን መቆጣጠር አልቻለም።

በዓሉ ሲያበቃ የሜትር ኳኳታ ከፒያሳ በየአቅጣጫው ተበተነ። ጋሽ ዳግም ኮቱን ለብሶ ወደ ሰፈሩ ሄደ። ለዳቦ ቤቱ በር ብሎ መነጽሩን አደረገ፤ ዳቦውን ገዛ፤ ደረጃውን ሽቅብ ጀመረ። በረንዳው ከመድረሱ በፊት ግን መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ወንበሩን በሜትሩ ጫፍ ፈልጎ አገኘው። ከጎኑ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እሺ ኢሙ» አለ፤ «መጣሁ። ዓይኔ ጠፍቷል።»